ሰንጠረዥ ሲፎክር

ለፉከራ ጎፈርና ጋሻ ያስፈልጋል ያለ ሰው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የፉትቦል መዝገብ አላገላበጠም ማለት ነው። እዚያ አገር «ዘራፍ» የሚባለው በሰንጠረዥ ነው። በግራ ጠርዝ ዓመተ ምሕረቱ (እንደ እነሱ አቆጣጠር) ይወርዳል፤ ቀጥሎ አሠልጣኝ፣ ድል፣ ሽንፈት፣ አቻ፣ በኮንፈረንሱ (ዩኒቨርሲቲዎች ተቧድነው በሚወዳደሩበት ማኅበር) የተገኘ ደረጃ ይደረደራል። መጨረሻ ላይ «ማስታወሻ» የምትባል ጠባብ ዓምድ አለች። ጉዱ ሁሉ የሚከተተው እሷ ውስጥ ነው።

(ፉትቦል ሲባል እኛ የምናውቀው እንዳይመስላችሁ። ይኼኛው ኳሱ እንቁላል መሳይ ነው፤ በእጅ ታቅፎ ይሮጣሉ፤ እግር የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ስም አውጪውን ለመውቀስ ጊዜው አልፏል።)

ሰንጠረዡን የሚያዘጋጀው የዩኒቨርሲቲው የራሱ ስፖርት ክፍል ነው። ምስክሩም ጠበቃውም ከአንድ ማዕድ ይቆርሳሉ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጣጣ የትኛው ግጥሚያ ይቆጠራል የሚለው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ቡድኖች ተጋጣሚ ሲያጡ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ሁሉ ይጫወቱ ነበር። እሱን ድል ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ መተው ደግሞ ያስቆጫል። ነጥቡም ቢሆን አንድ ቦታ አልረጋም። ተችዳውን (ኳሱን ይዞ ከተጋጣሚ የጎል መስመር ማሳለፍ) እስከ 1897 ድረስ 4 ነጥብ ነበር፤ በ1898 5 ሆነ፤ በ1912 6 ገባ። የአያትን ውጤት ከልጅ ልጅ ውጤት ጋር የሚያወዳድር ሰው በቁናና በኪሎ እንደሚከራከር ነጋዴ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ሻምፒዮንነት ነው። የአሶሼትድ ፕሬስ ዓመታዊ የጋዜጠኞች ምርጫ በ1936 ከመጀመሩ በፊት አገሪቱን ያስማማ ዳኛ አልነበረም። ስለዚህ ኋላ የተነሡ ድርጅቶችና ቀመረኞች ወደ ኋላ እየቆጠሩ ዘውድ አደሉ። ተጫዋቹ ራሰ በራ ከሆነ በኋላ «ለካ ያኔ አንደኛ ነበርክ» ተባለ። ከተጀመረም በኋላ ቢሆን ቀመር ለፈለገ ቀመር አይጠፋም። አላባማ በ1941 9 አሸንፎ 2 ተሸነፈ፤ በአሶሼትድ ፕሬስ ዝርዝር 20ኛ ወጣ። የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ግን የዚያን ዓመት የአገር ሻምፒዮን እኔ ነኝ ይላል። አንድ ቀመር አንደኛ ብሎታላ! ሌሎቹ 19 ቡድኖች ምን እንዳሉ ማስታወሻ ዓምድ ውስጥ ቦታ አልበቃም።

ሦስተኛው ጣጣ ኮከብ ነው። ከቁጥር አጠገብ ትንሽ ኮከብ ምልክት ካያችሁ እግዜር ይሁናችሁ። አንድ ተጫዋች የማይፈቀድለትን ጥቅም ተቀብሎ ከተገኘ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ ማኅበር ድሉን ይሰርዛል። ልብ በሉ፣ ድሉ ይሰረዛል እንጂ ለተሸናፊው አይሰጥም። የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ የ2004ን ሲዝን መጨረሻና 2005ን በሙሉ ጨምሮ 14 ድል ተሰርዞበታል። ከተሰረዙት አንዱ በጥር 2005 ኦክላሆማን 55 ለ 19 የረታበት ነው። የኦክላሆማ ሽንፈት ግን አሁንም እንዳለ ነው። ተሸናፊ አለ፤ አሸናፊ የለም። ኦክላሆማን የደበደበው ማን እንደሆነ በመዝገብ የሚታወቅ ነገር የለም።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰንጠረዥ ሲገለጥ ግን ይኼ ሁሉ ተራ ወሬ ይሆናል።

ዩኒቨርሲቲው በሩን የከፈተው በ1892 መኸር ነው፤ ቡድኑም በዚያው መኸር ተጫወተ። አሠልጣኙ አሞስ አሎንዞ ስታግ ነበር። ተጫዋች ሲያንሰው ራሱ ማሊያ ለብሶ ገባ፤ «አሠልጣኝ» ከሚለው ዓምድ ውጭ ሌላ ዓምድ ስለሌለ ግን ይህ በሰንጠረዡ አይታይም። የስታግ ስም ከ1892 እስከ 1932 ለ41 መስመሮች ያለ ማቋረጥ ይወርዳል። ዛሬ ሁለት ሲዝን የተሸነፈ አሠልጣኝ ሻንጣውን እንደሚያስር ለሚያውቅ ሰው ይኼ አሠልጣኝ ሳይሆን ንጉሥ ይመስላል። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ሰውዬው የተቀጠረው በተባባሪ ፕሮፌሰር ማዕረግ፣ በቋሚነት ነበር። ፕሮፌሰር በአንድ ግጥሚያ ምክንያት አይባረርም።

ወርቃማው መስመር 1905 ነው። ሚሺጋን 56 ግጥሚያ ሳይሸነፍ መጣና በምስጋና ቀን 2 ለ 0 ተሸኘ። ሁለት ነጥብ ከየት መጣ? የሚሺጋን ተጫዋች በእግር የተመታ ኳስ ከራሱ የጎል መስመር ጀርባ ተቀበለ። ቢንበረከክ ኖሮ ነጥብም የለ፣ ጣጣም የለ። እሱ ግን ሮጦ ወጣ፤ የቺካጎ ልጆች ገፍተው ወደመጣበት መለሱትና እዚያው ጣሉት። ይኼ ሴፍቲ ይባላል፤ ዋጋው 2 ነጥብ ነው። አራት ዓመት የተገነባ ዝና በሦስት አራት እርምጃ ሄደ። ቺካጎ በዚያ ዓመት የአገር ሻምፒዮን ነበር የሚለው ድርጅት ራሱ የተመሠረተው በ1936 መሆኑን ሰንጠረዡ አይነግራችሁም።

1924ን ደግሞ ነገር አዋቂ ብቻ ነው የሚያጣጥመው። 4 ድል፣ 1 ሽንፈት፣ 3 አቻ፤ ማስታወሻው ላይ «የቢግ ቴን ሻምፒዮን» ይላል (ቢግ ቴን ቺካጎ የነበረበት ኮንፈረንስ ነው)። ከስድስት የኮንፈረንስ ግጥሚያ ሦስቱን ረትተው ሦስቱን አቻ ወጥተዋል፤ ያሸነፋቸው የለም። ከኢሊኖይ ጋር የነበረው 21 ለ 21 አለቀ። በስምንት ግጥሚያ ግማሹን ብቻ አሸንፎ ዋንጫ መውሰድ የሽማግሌ ጥበብ ይጠይቃል። ከ1996 ጀምሮ በከፍተኛው የኮሌጅ ዲቪዚዮን ተጨማሪ ሰዓት ስለገባ የአቻ ዓምድ ሥራ ፈቷል፤ የዚህ ዓይነት ሻምፒዮንም አብሮ ቀረ።

ስታግ 70 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ውጣ ተባለ። ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ሌላ 14 ሲዝን አሠለጠነና 102 ዓመት ኖረ። በቦታው ክላርክ ሾነሲ መጣ። በ1935 የቡድኑ ጄይ በርዋንገር ኋላ ሃይስማን የተባለው፣ ለምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠው ዋንጫ የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ፤ በማግሥቱ ዓመት በመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ምልመላ አንደኛ ተመረጠ፤ በደመወዝ ሳይስማማ ቀረና አንድም ቀን ፕሮፌሽናል ሳይጫወት ኖረ። ከዚያ በፊት በ1934 እሱን ለመጣል የሞከረ አንድ የሚሺጋን ተጫዋች ፊቱ ላይ ጠባሳ ተርፎታል። ጄራልድ ፎርድ ይባላል፤ ጠባሳውን ይዞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ከዚያ 1939 መጣ፤ ቺካጎ እንዲህ ተረታ። ሃርቫርድ 61 ለ 0፣ ሚሺጋን 85 ለ 0፣ ቨርጂኒያ 47 ለ 0፣ ኦሃዮ ስቴት 61 ለ 0፣ ኢሊኖይ 46 ለ 0። ቢደመር 300 ለ 0፤ ሒሳቡ እንኳ ያለ ሽርፍራፊ ነው የወጣው። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው፤ 85 ነጥብ ማለት በየደቂቃው ከአንድ በላይ ነው፤ ለማልቀስም ፋታ አይሰጥም። ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሮበርት ሃቺንስ ለኳስ ግድ አልነበራቸውም፤ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተጫዋች የሚያስጠልሉበት ለስላሳ ትምህርት ቺካጎ ውስጥ አልነበረም። ቅዳሜ 85 የገባበት ልጅ ሰኞ ፍልስፍና ይፈተናል።

በታኅሣሥ የበላይ ጠባቂ ቦርዱ ቡድኑን ዘጋው። ሾነሲ ወደ ስታንፎርድ ሄደ። ስታንፎርድ በ1939 አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያሸነፈው። በ1940፣ የ300 ለ 0ውን አሠልጣኝ ይዞ፣ ከ10 ግጥሚያ 10ሩንም አሸንፎ ሮዝ ቦውል የተባለውን ስመ ጥር የሲዝን ማብቂያ ግጥሚያ ወሰደ። አሠልጣኝ ነው ጥፋተኛው የሚሉ ሰዎች ይህንን መስመር ቢዘሉት ይሻላቸዋል።

በቺካጎ ሰንጠረዥ ከ1940 እስከ 1968 ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ቡድን የለም። ባዶ ነው ብሎ ለማለፍ ግን ያስቸግራል። በታኅሣሥ 2 ቀን 1942 እነ ኤንሪኮ ፌርሚ ራሱን የሚያስቀጥል የመጀመሪያውን የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት የጀመሩት በዚያው ስታዲየም ምዕራባዊ መቀመጫዎች ሥር ነው። ከላይ ተመልካች የለም፣ ከታች አቶም ይሰነጠቃል። በድል ዓምድ ይግባ በሽንፈት፣ እስካሁን የወሰነ የለም።

በ1963 ኳሱ በክለብ ደረጃ ሊመለስ ሲል ተማሪዎቹ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ተቃወሙ። ሌላው ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ከሜዳ የሚያባርረው ከድል በኋላ የጎል እንጨት ሲነቅል ነው፤ እዚህ ግን ጨዋታ እንዳይጀመር ሲል ነው። ይፋዊው ቡድን በ1969 ተመለሰ፤ ዛሬ የስፖርት ስኮላርሺፕ በማይሰጥበት ሦስተኛ ዲቪዚዮን ይጫወታል። አሮጌው ስታዲየም ፈርሶ ቦታው ላይ በ1970 ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ሚሺጋን 2 ለ 0 ሲረታ አገር የጮኸበት ቦታ ላይ አሁን ወንበር ሲጎተት ሰው ይገላመጣል።