ሁሉ አማረሽ አንቴና

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ቡና ይዘን ስንጨዋወት ወሬው አጭር ሞገድ ሬዲዮ ላይ ወደቀ። አንዱ ጎረምሳ ከቤቱ ቆርቆሮ እስከ ጎረቤት ዛፍ ሽቦ ዘርግቷል። «አቦ፣ ሽቦ በረዘመ ቁጥር ጣቢያ ይበዛል፣ አለቀ!» ይላል። ለምን ሲባል ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንኑ ይደግማል።

ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡት ጋሼ «ልጄ፣ ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» አሉት። እውነታቸውን ነው። ረጅም ሽቦ መርጦ አያመጣም። የጎረቤትን ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖሉን፣ የኢንቨርተሩን ጫጫታ አብሮ ይጎትታል። ትንሽ የእጅ ሬዲዮ ላይ ሲሰካማ ኃይለኛው ጣቢያ ደካማውን ይውጠዋል።

«ታዲያ ያ የብስክሌት ጎማ የሚያክል ክብ ነገር ምን ይይዛል?» አለ ጎረምሳው፤ የጋሼን ሉፕ፣ ማለትም ክብ አንቴናቸውን ማለቱ ነው። ጥቂቶች ሳቁለት። ክርክሩ በቃ ይኸው ነው።

ጋሼ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨው የጀርመን ድምፅ ሊጀምር ነው። ግድግዳው ላይ ቻርጀር ተሰክቷል፤ ሬዲዮው ይንጫረራል። ጋሼ መስኮቱ ዳር የቆመውን ሉፕ በጣታቸው ቀስ አድርገው አዞሩት። ጩኸቱ ወረደ፣ የአንባቢዋ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ሉፕ ፊቱን ያዞረበትን አይሰማም። ፊቱን ወደ ቻርጀሩ ማዞር ነው። ጣቢያው ግን ከአዮኖስፌር፣ ማለትም ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ተንፀባርቆ ከላይ ስለሚወርድ እንደ ቅርቡ ጩኸት በቀላሉ አይጠፋም።

መብራት በሌለበት ገጠር ሽቦ ይዘርጋ፤ ርካሽም ነው። ቤት ከቤት በተያያዘበት ሳቢያን ሰፈር ግን ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት!

ጎረምሳው ላይ ብቻ አልፈርድም። ገበያውን የሞላው ርካሽ ቻርጀር የጩኸት ማጣሪያው ተቆጥቦ የተሠራ ነው። ገዢው ዋጋውን እንጂ ሌላውን አይጠይቅም። ስልኩ ቶሎ ይሙላ፣ አምፖሉ ይድመቅ፣ ዋጋው ይርከስ፤ ሁሉ አማረሽ ማለት ይኼ አይደል? የጎረቤት ሬዲዮ ቢታወክ ምን ገዶት! «ወንድሜ፣ እባክህ ለአንድ ሰዓት ንቀልልኝ» ስትለው «ዛሬ ደግሞ ሬዲዮ ማን ይሰማል?» ይልሃል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ኔትወርክ የጠፋ ቀን በር አንኳኩቶ «ምን ተባለ?» የሚለውም እሱው ነው።