ተራራውን ማን ባዶ አደረገው?

የአውሮፓ ኮሚሽን በማርች 2025 «ስትራቴጂያዊ» ያላቸውን 47 የጥሬ ዕቃ ፕሮጀክቶች ሲያሳውቅ፣ የቼኩን የጺኖቬጽ ሊቲየምም፣ ያን የባትሪ ማዕድን፣ ከዝርዝሩ አስገብቶታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባ ማዕድን የማውጫ ፈቃድ አሰጣጡ ቢበዛ በ27 ወር መጠናቀቅ አለበት። ፈቃድ ለማግኘት ዓመታት መንከራተትን የሚወድ የለም፣ ይሄ ይገባኛል። እኔን ያንገበገበኝ ውሳኔውን ለመደገፍ የሚቀርበው ክርክር ነው። «እዚያ ተራራ ላይ ማን አለና ነው? ጫካና በረዶ ብቻ ነው፣ ይቆፈር!»

ይሄን የሚል ሰው ክሩሽኔ ሆሪን አያውቃትም። ወይም ያውቃታል፣ ግን ማስታወስ አይመቸውም።

ክሩሽኔ ሆሪ ጺኖቬጽ ያለችበት፣ ቼክን ከጀርመኗ ሳክሶኒ የሚለይ የተራራ ሰንሰለት ነው። ከፍተኛው ጫፍ ክሊኖቬጽ 1,244 ሜትር ነው። በሳክሶኒ በኩል ቀስ እያለ ይወርዳል። በቼክ በኩል ግን በአንዴ ቁልቁል ነው፤ ከላይ ቆመህ ስታይ ከሥርህ የከሰል ማውጫው ሜዳና የኃይል ማመንጫዎቹ ጭስ ማውጫ ተዘርግቶ ይታያል። ላዩ ላይ ሰው ሳስቷል፣ እውነት ነው። ለምን ሳሳ? የዚህ ተራራ ነዋሪ አብዛኛው ጀርመንኛ ተናጋሪ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ በተለይ በ1945 እና በ1946፣ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ጀርመኖች ከቼኮስሎቫኪያ ሲባረሩ እነሱም አብረው ተጠረጉ። ናዚ የሠራውን ግፍ ማንም አይክደውም፣ ግን ሂሳቡን ሕፃንና ሽማግሌ ጭምር ነው የከፈለው። ብዙ መንደር ወና ቀረ፤ ብዙውም ፈረሰ። በሙዚቀኞቿ ስሟ የታወቀው ፕርዢሴችኒጼ የምትባል ከተማ ደግሞ በ1970ዎቹ የመጠጥ ውሃ ግድብ ሥር ገባች። ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ ሲያበቃ «ቤቱ እኮ ባዶ ነው» ብሎ ቁልፉን ኪሱ እንደሚከት ሰው ማለት ይሄ ነው።

ደግሞስ ባዶ ነው ያለው ማን ነው? ከመሃል አገር የመጡ ቼኮች፣ ስሎቫኮች፣ ሮማዎች ገብተውበታል። ፖቱችኪ ድንበር ላይ የቬትናም ነጋዴዎች ሱቃቸውን ደርድረው ለጀርመን ሸማች ይሸጣሉ። ከዚህ በኩል ደግሞ ስንቱ ነው ሳክሶኒ ሄዶ የሚሠራ። ቦዢ ዳር የምትባለው የአገሪቱ ከፍተኛ ከተማ ከሺህ ሜትር በላይ ተቀምጣ በገና ሰሞን የልጆችን ፖስታ ማኅተም ስትመታ ትውላለች። ጺኖቬጽ ራሷ የዱቢ ከተማ አካል ናት፤ ሰው የሚኖርባት።

ዋናው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። ይህ ተራራ አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ሲሰጥ ኖሯል፤ የሰጠው ሁሉ ሌላ ቦታ ሄዷል።

ከብሩ እንጀምር። ያኺሞቭ በ1516 ተቆረቆረች፣ ብር ተገኘባት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከፕራግ ቀጥላ የቦሄሚያ፣ የያኔው የቼኮች መንግሥት፣ ትልቋ ከተማ ሆነች። ሽሊክ የሚባሉት መሳፍንት ታለር የተባለውን የብር ገንዘብ ያስመቱባት ነበር። አያቶቻችን ጠገራ ብር እያሉ የሚቆጥሩት የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ የዚያ ዘር ነው፤ ነገሩ ለኛም ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ታዲያ ገንዘብ መምቻውን ማን ወሰደው? በ1528 የቦሄሚያው ንጉሥ ፈርዲናንድ ወሰደው። ዛሬ ያኺሞቭ 3,000 ሰው እንኳ የላትም።

ከዚያ ዩራኒየም መጣ። ሳይንቲስቶቹ ባልና ሚስት ኪዩሪዎች በ1898 ፖሎኒየምንና ራዲየምን ያገኙት ከያኺሞቭ ማዕድን ነው። ክብሩ ለፓሪስ ሆነ፣ ይሁን። በ1945 መጨረሻ ግን ዩራኒየሙ ወደ ሶቪየት ኅብረት እንዲሄድ ስምምነት ተፈረመ። ከ1949 እስከ 1961 ድረስም በካምፕ የታጎሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞች፣ ብዙዎቹ በፖለቲካ የተፈረደባቸው፣ ቆፈሩት። ቦምቡ ለሞስኮ፣ ሳንባው ለእስረኛው! ከተማዋ አሁን የምትኖረው የማዕድን ቆፋሪውን ሳንባ በበላው በዚያው ሬዶን በሚባለው ጋዝ ነው፤ ከ1906 ጀምሮ የፈውስ ፍል ውሃ ብላ ትሸጠዋለች። ብልሃት ነው፣ እኔ አልስቅባቸውም።

ከሰሉስ? ከተራራው ግርጌ ሞስት የምትባል ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ከሥሯ ከሰል አለ ተባለና ከ1960ዎቹ ጀምሮ ፈረሰች። ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አዘኑለትና በ1975 በሐዲድ ላይ 841 ሜትር ገፍተው አተረፉት። ለነዋሪው የተዘጋጀ ሐዲድ አልነበረም፤ ኮንዶሚኒየም ነው የተሰጠው። ከከሰሉ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ላዩን የተራራውን ጥድ ገደለው፣ ሕዝቡን አሳለው። ሁሉም ሰው ስለ ቼኮስሎቫኪያ አብዮት ሲያወራ ኖቬምበር 17፣ 1989፣ ፕራግ ይላል። ከተራራው ግርጌ ያለችው የቴፕሊጼ ከተማ ሰዎች ግን ከዚያ ስድስት ቀን ቀድመው «ንጹሕ አየር እንፈልጋለን» ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር። መታነቁን የሚያውቀው የታነቀው ነዋ!

አሁን «ይሄኛው ይለያል» ይሉናል። በአንድ ነገር እውነት አላቸው፦ ሊቲየሙ የሚወጣው ከምድር ሥር ነው፣ እንደ ከሰሉ አገር ምድሩን ገልብጦ አይደለም። ባትሪም ያስፈልጋል። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከከለከለች አገር የመጣሁ ሰው ሆኜ ሊቲየም ይቅር ብል ራሴም አላምነኝም። ግን ባለቤቱ ማን ነው? 51 በመቶው የቼዝ ነው፣ መንግሥት አብላጫውን የያዘው የኤሌክትሪክ ኩባንያ። የቀረው 49 በመቶ ደግሞ አክሲዮኑ አውስትራሊያ ውስጥ የሚሸጥ የአንድ ኩባንያ ነው። ዱቢ የት አለች? የትም።

«ሥራ ይፈጠራል» የሚለውን ደግሞ ባትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ብሩም ሥራ ፈጥሯል። ዩራኒየሙ በግድ ፈጥሯል። ከሰሉማ ስንት ትውልድ አሠርቷል፤ ይኸው ዛሬ ከሰል ጥሎት የሄደውን ለመጠገን ያው የአውሮፓ ኅብረት በሌላ ኪሱ ገንዘብ ይመድባል፣ አካባቢውም እስካሁን ከአገሪቱ ድሆች ተርታ ነው። ዩኔስኮ በ2019 ሳክሶኒንና ቼክን አንድ ላይ አድርጎ 22 ቦታ በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፣ አምስቱ በቼክ በኩል ናቸው። የተመዘገበው አሮጌ ጉድጓድ፣ የቆፋሪ ከተማና የእስረኞች ማማ ነው። ሀብታም የሆነ መንደር ከውስጡ ፈልጋችሁ አሳዩኝ።

ስለዚህ ወደ 27 ወሩ ልመለስ። በዚህ ምድር የተረፈ ነገር ካለ የተረፈው በጊዜ ነው። ከተራራው ግርጌ ያለችውን ከተማ ሆርኒ ዪርዤቲንን እዩዋት። ቼኤስአ የተባለው የከሰል ጉድጓድ ሊውጣት ደጃፏ ደርሶ ነበር። መንግሥት በ1991 ከዚህ አታልፉም ብሎ መስመር አሰመረ፣ ከዚያ መስመሩን ለማጥፋት ስንት ጊዜ ተሞከረ፣ ነዋሪዎቹም ከሃያ ዓመት በላይ እምቢ አሉ፣ ተከራከሩ፣ አጓተቱ፣ አሰለቹ። በ2015 መንግሥት ቢሊና በተባለው ሌላ ማዕድን በኩል መስመሩን ሲያልፈው በእነሱ በኩል ግን አልነካውም። በ2024 ጉድጓዱ ተዘጋ፤ ከተማዋ ቆማለች። ያኔ 27 ወር ብቻ ተሰጥቷት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሟን የምናነሳው ከሞስት ጋር ነበር።

«ስትራቴጂያዊ» የሚለው ማኅተም የሚነጥቃቸው ይሄንን ነው፣ ማጓተትን። ሌላ መሣሪያ ኖሯቸው አያውቅም። ብራስልስ ከቸኮለች ከፈቃዱ በፊት የዱቢን ድርሻ በጽሑፍ ታስቀምጥ፤ ካልሆነ እንደ ሆርኒ ዪርዤቲን ሃያ ዓመት ይሟገቱ።