ጥያቄዬ ስለ ኤርባጉ ነው

ላለፉት አምስት ወራት ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ ድረስ መኪና ሻጮችንና ደላሎችን አንድ ነገር ስጠይቅ ከርሜአለሁ፤ ይህ መኪና ቢጋጭ ውስጡ የተቀመጡት ሰዎች ምን ይሆናሉ? ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቆዳ ወንበሩ፣ ስለ ጣሪያው መስታወት፣ ስለ ስክሪኑ ስፋትና ነገ ቢሸጥ ስለሚያወጣው ዋጋ ሳልጠይቅ በዝርዝር ተነግሮኛል። ለጥያቄዬ ግን እስካሁን በቀጥታ የመለሰልኝ ሰው የለም። ይህንን የምጽፈው ተናድጄ ነው።

የምነዳው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 የተሠራ ኮሮላ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አገልግሎኛል፤ አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረኝም። ባለፈው ሐምሌ ግን ከባለቤቴና ከዘጠኝ ዓመት ልጃችን ጋር ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ስንመለስ፣ ሞጆ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ዝናቡ እየጣለ ሳለ ከፊታችን ይሄድ የነበረ የጭነት መኪና ሸራው ተፈትቶ መንገዱ ላይ ወደቀ። ፍሬን ያዝኩ። አራቱም ጎማዎች ቆለፉና መኪናው በውኃው ላይ ይንሸራተት ጀመር፤ መሪውን ባዞረውም ጎማዎቹ መሽከርከር ስላቆሙ ሊታዘዘኝ አልቻለም። ዞረን የመንገዱን ጠርዝ ብረት በጎን መታነው። የባለቤቴ የትከሻ አጥንት ተሰነጠቀ፤ ልጃችን አካሏ ባይነካም ለሳምንታት መኪና ውስጥ ግቢ በተባለች ቁጥር ታለቅስ ነበር። ኤቢኤስ የሚባለው ሥርዓት ፍሬኑን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ እየያዘና እየለቀቀ ጎማው እንዳይቆልፍ፣ መሪውም እንዲታዘዝ የሚያደርግ ነው። የእኔ መኪና ይህ የለውም።

ያን ዕለት ማታ ከሐኪም ቤት ስንመለስ መኪናውን ለመቀየር ወሰንኩ። የመረጥኩትም አዲስ ዘመን የሆነ፣ ዝቅ ብሎ የተሠራ ስፖርታዊ ሴዳን ነው። ሐሳቤን ለዘመድ ሳማክር የገጠመኝ ተግሣጽ ነበር። አጎቴ፣ «የልጅ አባት ሆነህ ስፖርት መኪና አማረህ?» ብለው ተቆጡኝ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ጉራ ነው ብለው እንደሚያሙኝ ሰምቻለሁ። ምክንያቴን ለመስማት የታገሠኝ ሰው ጥቂት ነው። ክብደቱ ወደ መሬት የቀረበ መኪና ድንገት ሲታጠፍ የመገልበጥ ዕድሉ ያነሰ ነው፤ ስፖርታዊ ተብለው ለሚሠሩት ደግሞ ሰፋ ያለ ጎማና ተለቅ ያለ የፍሬን ዲስክ ይገጠምላቸዋል። እኔ የምከፍለው መኪናው ለሚቆምበት እንጂ ለሚሮጥበት አይደለም። በዚያ ላይ መኪናው መንሸራተት ሲጀምር እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻው በፍሬን እየያዘ ወደ መስመሩ የሚመልሰው ሥርዓት አለ፤ አሜሪካ ውስጥ የመድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የመንገድ ደኅንነት ተቋም ባጠናው መሠረት፣ አንድ መኪና ብቻውን ከመንገድ ወጥቶ የሚደርስበትን ገዳይ አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በማናቸውም አዲስ የቤት መኪና ላይ እንዲገጠም አስገድዳለች። የሐምሌው አደጋ የደረሰብን በዚሁ ዓይነት መንሸራተት ነው።

«ከፍ ያለ መኪና ግዛ» የሚሉኝ ሰዎች በአንድ ነገር እውነት አላቸው፤ በሰፈራችን ኮብልስቶንና ያለ ልክ በተሠሩት የፍጥነት መግቻዎች ላይ የሴዳን ሆድ መፈግፈጉ አይቀርም። ነገር ግን ልጄን የሚያሰጋት አዳማ ውስጥ ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት፣ ከባጃጅና ከጋሪ ጋር እየተጋፋን በዝግታ የምንነዳበት መንገድ አይደለም፤ የፍጥነት መንገዱ ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚያበሳጨኝ «የድሮ መኪና ብረት ነው፣ የዛሬው ፕላስቲክ ነው» የሚለው አባባል ነው። ደላላውም፣ መካኒኩም፣ የተማረ የምለው ጎረቤቴም ይህንኑ ነግረውኛል። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ የመኪና ደኅንነት ፈታሽ ተቋም የሆነው አንካፕ በፈረንጆቹ 2017 ይህንኑ ክርክር በተግባር ፈትኖታል። የወሰደውም የእኔን መኪና ዓይነት፣ ማለትም የ1998 ኮሮላን ነው፤ ከ2015 ኮሮላ ጋር በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየተነዱ ፊት ለፊት፣ በከፊል ተደራርበው እንዲጋጩ አደረገ። አሮጌው ከ16 ነጥብ ያገኘው 0.40 ነው፤ አዲሱ 12.93 አገኘ። በአሮጌው ውስጥ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ተደርምሶ በሰው ፈንታ በተቀመጠው የፈተና አሻንጉሊት ራስ፣ ደረትና እግር ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚደርስ ታየ፤ በአዲሱ ውስጥ ግን ፊት ለፊቱ ተጨማዶ ኃይሉን ሲውጠው፣ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ቅርጹን ይዞ ቀረ። እኛ አገር መኪና ተጋጭቶ ኮፈኑ ሲጨማደድ «አይ ላሜራ!» እየተባለ የሚናቀው፣ ሆን ተብሎ እንዲጨማደድ የተሠራው ክፍል ነው። ያ ክፍል ካልተጨማደደ ኃይሉን የሚቀበለው የሰው ደረት ነው። ፈተናው የተደረገበት ፍጥነት ደግሞ 64 ኪሎ ሜትር ብቻ እንደነበር አስቡት፤ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እስከ 120 የሚነዳበት ሲሆን፣ የግጭት ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በ120 የሚነዳ መኪና በ64 ከሚነዳው ሦስት እጥፍ ተኩል የሚሆን ኃይል ይሸከማል።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ሻጭ ጋ ልቤ የወደደውን አገኘሁ። ነዳጅ የሚጠቀም፣ ከኮሮላዬ በአሥራ አምስት ዓመት የሚያንስ፣ ስድስት ኤርባግ አለው የተባለ ሴዳን ነበር። ቀለሙ አልተነካም፣ ተገልብጦም ተጋጭቶም አያውቅም ተብሎ ተማለልኝ። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ለዓመታት የማውቀውን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይዤ ሄድኩ። ቁልፉ ሲከፈት ቀዩ የኤርባግ መብራት በርቶ ጥቂት ቆይቶ መጥፋት አለበት፤ የዚህኛው ግን በርቶ የጠፋው ከዘይት መብራቱ ጋር እኩል፣ ሞተሩ በተነሣበት ቅጽበት ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ክሩስኮቱን ከፈት ሲያደርገው የተሳፋሪው ኤርባግ በነበረበት ቦታ ባዶ ጉድጓድ አገኘን። ኮምፒዩተሩ ኤርባጉ ያለ እንዲመስለው ትንሽ ሬዚስተር ተገጥሞበታል፤ የመብራቱ ሽቦም ከዘይቱ መብራት ጋር ታስሯል። መኪናው ተጋጭቷል፣ ኤርባጎቹም ፈንድተዋል ማለት ነው፤ የሠራው ሰው ኤርባግ በመግዛት ፈንታ ክዳኑን ብቻ ገዝቷል። ባለቤቴ የምትቀመጠው እዚያ ጋ ነው።

ሻጩ አላፈረም። «ጋሼ፣ ኤርባግ ምን ያደርግልዎታል፣ ቀበቶዎን ይሰሩ፣ የቀረውን ፈጣሪ ይጠብቃል» አለኝ። ፈጣሪ እንደሚጠብቅ እኔም አምናለሁ፤ ያልተገጠመ ነገር ተገጥሟል ብሎ መሸጥ ግን የሰው ሥራ ነው። ኤርባግ ከቀበቶ ጋር አብሮ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው፤ ቀበቶው ሰውነትን ይይዛል፣ ኤርባጉ ራስና ደረት ከመሪው ወይም ከክሩስኮቱ ጋር እንዳይላተሙ ያደርጋል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ሌላ ቦታ ያየሁት መኪና ኤርባጉ ባይነካም ታካታ የተባለው የጃፓን ኤርባግ አምራች ሥሪት ሊሆን ከሚችልበት ዘመን ነበር፤ ጋዝ ማፈንጃው በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ተበላሽቶ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ስለሚረጭ፣ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች እንዲመለሱ የተደረገበት ማለት ነው። በሻንሲ ቁጥሩ እንዲያጣራልኝ ስጠይቀው ሻጩ የምናገረው አልገባውም፤ ሊገባውም አልፈለገም።

ምርጫው የጠበበበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፣ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዋጋው ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው መኪና ተመልሶ ተመልሶ ይሸጣል፤ የእኔን ኮሮላ እንኳ ከገዛሁበት እጅግ በሚበልጥ ዋጋ የሚለምኑኝ አሉ። የነፍስ አድን ዕቃ የሌለው መኪና ይህን ያህል ሲፈለግ፣ ሻጭ ኤርባግ ለመግጠም ለምን ይጨነቃል?

ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መዞሬ የግድ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነው የዞርኩት፣ ምክንያቱም ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሆነ ክብደቱ መሬት የያዘ ነው፣ ከስፖርታዊዎቹ የኤሌክትሪክ ሴዳኖች መካከልም እንደ ቻይናው ቢዋይዲ ኩባንያ «ሲል» ያሉት በፈረንጆቹ 2023 ዩሮ ኤንካፕ በሚባለው የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት ፈታሽ ተቋም ፈተና አምስት ኮከብ አግኝተዋል። ነገር ግን የኮከቡ ውጤት የሚመለከተው ለአውሮፓ ገበያ የተሠራውንና የተፈተነውን ዓይነት ነው። በኅዳር ያነጋገርኩት አስመጪ ያሳየኝ የሌላ ኩባንያ መኪና ለቻይና ገበያ የተሠራ ነበር፤ የጎን መጋረጃ ኤርባግ አለው ወይ ብዬ ስጠይቅ «አራት ወይም ስድስት ነው፣ ብቻ አለው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። የአደጋ ማስጠንቀቂያው ስክሪኑ ላይ የሚወጣው በቻይንኛ ነው። ከመስመር ወጣህ ቢለኝ፣ ፍሬንህ ተበላሽቷል ቢለኝ የማነበው እንዴት ነው? ቋንቋው እንዲቀየር ስጠይቅ «ይለመዳል» ተባልኩ።

እስከዚያው ኮሮላውን አራት አዲስ ጎማ አልብሼዋለሁ፣ የፍሬን ሸራውንም አስቀይሬአለሁ። የኋላው መሃል ወንበር የወገብ ቀበቶ ብቻ ስላለው ልጃችንን ወደ ዳር፣ ትከሻ ወደሚይዘው ቀበቶ አዛውሬአታለሁ። ባለቤቴ ከአደጋው ወዲህ በፍጥነት መንገዱ ስንሄድ የበሩን እጀታ ጨብጣ ነው የምትቀመጠው፤ አዳማ እስክንገባ አትለቀውም።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስተኛ ሴዳን ለማየት ቀጠሮ ይዣለሁ። ሻጩ ክሩስኮቱን ማስከፈት እንደማይፈቅድልኝ በስልክ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ መኪናውን በማሽን ማስፈተሽን ግን አልከለከለኝም። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ውስጥ የኤርባጉን ኮምፒዩተር አንብቦ ቀደም ሲል የተመዘገበ ግጭት መኖር አለመኖሩን ሊነግረኝ የሚችል ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከቅዳሜ በፊት የሚሠራበትን ቦታ ጠቁሙኝ።