ያቺን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ

ወገኖቼ፣ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ዛሬ የምናገረው እናንተን ለመምከር የበቃሁ ሆኜ አይደለም። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ የምወቅሳችሁም በገዛ እጄ የመዘገብኩትን ጥፋት ይዤ ነው።

ከጣርማ በር ዋሻ በታች ባለችው ከተማችን የአራት ወር ሕፃን የምታጠባ አንዲት ሴት ነበረች። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን የምትወስደው ከአጠገባችን ካለው ጤና ጣቢያ አልነበረም፤ እኛ እንዳናያት ስትል በጉም ውስጥ ዳገቱን በሚኒባስ ወጥታ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ደብረ ብርሃን ድረስ ትሄድ ነበር። በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት ላይ ዋጋ የጨመርንበት እኛ ነን።

የመዋጫዋ ሰዓት እንዳያልፍባት ብልቃጡን ይዛ ትወጣለች፣ እንዳይንኳኳባትም ጥጥ ትጠቀጥቅበታለች። በዚያ የለቅሶ ቀን ግን ጥጡን ረስታ ነበር። ሴቶቹ ከድንኳኑ ጀርባ ሽንኩርት ሲከትፉ ብልቃጡ ከጉያዋ ወድቆ ከአግዳሚው ሥር ተንከባለለ፤ ሦስት ዓመት ያልሞላው የጎረቤት ልጅ አነሣውና እንደ ጸናጽል እያንሿሿ ይስቅ ጀመር። አንዲት እናት ከልጁ ተቀብላ ለእረፍት ለመጣ ተማሪ ሰጠችው፤ እርሱም «ዶሉቴግራቪር፣ ላሚቩዲን፣ ቴኖፎቪር» ብሎ እንደ ዳዊት አነበነበው፣ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የምን መድኃኒት እንደሆነ ነገራቸው። ሴቶቹ መክተፋቸውን ቀጠሉ። እርሷ የከተፈችውን ሽንኩርት ግን ወደ ድስቱ የጨመረው አልነበረም።

በሳምንቱ የእድሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ስሟን በክፉ ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ዳኛችን «ልጅ ታጠባለች፣ ድካም ይቀነስላት» አሉ፣ እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔ ደግሞ «በለቅሶ ጊዜ እንጀራ ማምጣቷ ቀርቶ በምትኩ በገንዘብ ታዋጣ» የምትለዋን መስመር በመዝገቡ ላይ አሳምሬ ጻፍኩ። ውሳኔውን ደጃፏ ሄጄ የነገርኳትም እኔው ነኝ። ሕፃኗን እንዳቀፈች ሰምታኝ «እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። እኔም፣ አፌ ይቆረጥና፣ «ምንም አይደል» ብያት ተመለስኩ።

ኤች አይ ቪ በእንጀራም፣ በጽዋም፣ ጎን ለጎን በመቀመጥም እንደማይተላለፍ ከመካከላችን ያልሰማ ማን ነበር? ስለዚህ አላወቅንም ብለን ማምለጥ አንችልም። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት የአንዱን ወጣት ድንኳን ሳንጠቀልል ለሌላው ስንተክል የኖርን ሰዎች፣ በሽታውን ያስታገሠውን ክኒን ስናይ ልንፈራ ሳይሆን ልንሳለመው ይገባን ነበር።

መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ አያስወጣም፤ እንዳይራባ ግን ይይዘዋል። ክኒኑን በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሶ እዚያው የጸና ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ሕክምና ከሌለ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው፤ እናቲቱ በእርግዝናዋም በማጥባቷም ወራት መድኃኒቷን በአግባቡ ስትወስድ ግን ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። የዚህች እናት ልጅ በስድስት ሳምንቷ ተመርምራ ነፃ ነበረች። ክኒኑ የድርሻውን ሠርቶ ነበር።

ከዚያ ለቅሶ በኋላ በሚኒባሱ ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ። እርሷም ደብረ ብርሃን መሄዷን ተወች፤ ጡት መስጠቷን ግን አልተወችም፣ ሌላ ምን ትሰጣት? በዓመቱ ሕፃኗ ሳል አልለቅ ብሏት፣ ክብደቷም እየቀነሰ ሄዶ ስትመረመር ቫይረሱ በደሟ ተገኘ። ለምን እንዳቋረጠች ስጠይቃት አልተቆጣችኝም። «መድኃኒቱን ብተወው እናንተም የምትተዉኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ፈቃዷን ለምኜ ነው፤ «ጻፉት፣ ስሜን ግን ተዉልኝ» ብላለች።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ጸበል የገባውን በሽተኛ ክኒንህን ጣል የምትሉ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በአደባባይ አስተምረው አልነበረምን? የተደፈረች ልጃችሁን ስሟ እንዳይጠፋ ብላችሁ ቤት የምትዘጉባት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት የሚወሰደው የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የእናንተን ሐፍረት ቁጭ ብሎ እንደማይጠብቅ አታውቁምን? እናንተን እንዲህ ስገሥጽ ግን ያቺ መስመር ከፊቴ አትጠፋም። ስድቡማ ቢሆን ይረሳ ነበር፤ እኔ በመዝገብ አጸናሁት።

እናትና ልጅ አሁን ሕክምና ላይ ናቸው። ለሕፃኗ ክኒኗን በውኃ አሟሙታ በማንኪያ ትሰጣታለች፤ ዕድሜ ልኳን የምትወስደው ነው። ሕፃኗ ማንኪያውን ስታይ አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ትከፍታለች። እኔ ይህን አይቼ ወደ ቤቴ ለመመለስ እግሬ ከብዶኝ ነበር።

ዘግይቼም ቢሆን መስመሯ እንድትሰረዝ ለእድሩ ስብሰባ አቀረብኩ። ብዙ ተከራከርን፤ ዳኛችን አንገታቸውን እንደደፉ ቆይተው «ይሰረዝ» አሉ፣ እኔም በዚያው በጻፍኩበት እጄ ሰረዝኳት። ባለፈው ወር በነበረ ለቅሶ እንጀራዋን በነጭ ጨርቅ ሸፍና አመጣች። አስተናጋጆቹ ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ ከፈቱት። እኔ ተነሥቼ ቆረስኩ፤ ቀጥለው አንዲት ባልቴት መጡ፣ ከዚያ ያ ተማሪ አይኔን ሳያይ መጣ። ከዚህ ወዲያ ረጅም ጊዜ የመጣ ሰው አልነበረም። እርሷም ማታ የተረፈውን ጠቅልላ ስትሄድ «ጋሼ፣ ለአርባው ስንት ላምጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ሌሎቹ አልኳት።