የክልል ፕሬዚዳንት ታሪክ የፓርቲ ታሪክ አይደለም

ሰሞኑን በአንድ ውይይት ላይ የክልል መሪዎቻችን የሕይወት ታሪክ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ተነሳ። የተጋበዙት ምሁር ወዲያው አጣጣሉት። «የእነሱ ታሪክ የፓርቲው ታሪክ ነው፤ ፓርቲውን ካወቅን እነሱን አወቅን» አሉ። የሞገታቸው ሰው አልነበረም። እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይሄ ውሃ የማያነሳ ክርክር ነው። የቀድሞውን ደቡብ ክልል እንይ። አቶ አባተ ኪሾ ከፕሬዚዳንትነት ወርደው በሙስና ተከሰሱ፤ ለዓመታትም ታሰሩ። በ1994 ዓ.ም. በእሳቸው ቦታ የተተኩት አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ድርጅቱ ያው፣ ወንበሩም ያው። አንዱን ወህኒ፣ ሌላውን ቤተ መንግሥት ያደረሰውን የትኛው የጉባኤ ሪፖርት ነው የሚያስረዳን?

የጋምቤላው ደግሞ ይብሳል። በ1996 ዓ.ም. አኙዋኮች ሲጨፈጨፉ የክልሉ ፕሬዚዳንት አቶ ኦኬሎ አኳይ ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ አገር ጥለው ወጡ። ኖርዌይ ኖሩ፣ ዜግነትም አገኙ። በ2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ ተይዘው ለኢትዮጵያ ተሰጡ። በሽብር ተከሰው ዘጠኝ ዓመት ተፈረደባቸው፣ በ2010 ዓ.ም. ተፈቱ። እኔ ማወቅ የምፈልገው በዚያ የጭፍጨፋ ሰሞን ቢሮአቸው ውስጥ የሆነውን ነው። ለማን ደወሉ? ማን አነሳላቸው? ማንስ አላነሳም? ሕገ መንግሥቱ ክልሎች ራሳቸውን እንደሚያስተዳድሩ ይደነግጋል። የክልል ፕሬዚዳንት በእጁ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለ የሚታየው ግን ከአንቀጹ ላይ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ቀን ማዘዝ የቻለውንና ያልቻለውን ስናውቅ ነው። ፌዴራሊዝም በዚህ አገር ይሠራል አይሠራም እያልን ስንት ዓመት ተጨቃጨቅን! መልሱ ያለው እነዚህ ሰዎች ሕይወት ውስጥ ነው። እሱን ትተን የፓርቲ መግለጫ እንተነትናለን።

ማስረጃ ማግኘት ከባድ ነው የሚል ካለ፣ እሱስ እውነት ነው። ከባድ ስለሆነ ይቅር ማለት ግን ስንፍና ነው።

አሁን የክልል ባለሥልጣን ታሪክ የሚነገረው ሲቀበር ነው። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፣ በተለያዩ የኃላፊነት ቦታዎች አገለገሉ፣ ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ ይባላል። አለቀ። ዶክተር አምባቸው መኮንን የአማራ ክልል ፕሬዚዳንት ሆነው አራት ወር እንኳ አልሞላቸውም፣ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ተገደሉ። የሞቱበትን ዕለት የማያውቅ የለም። ከዚያ በፊት ሚኒስትር እንደነበሩ፣ እንግሊዝ አገር ኬንት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን እንደሠሩ ስንቱ ያውቃል? በእነዚያ ጥቂት ወራት ምን ሊሠሩ አስበው ነበር? ማንን አምነው ነበር? ይሄን ሁሉ ትተን ሰውዬውን በአንድ ምሽት ብቻ ማስታወስ ግፍ ነው።

ምሁሩ ተማሪዎች አሏቸው። ሐዋሳ፣ ጋምቤላ፣ ባሕር ዳር ይላኳቸው። የእነዚያ ቢሮዎች ጸሐፊዎች፣ ሾፌሮች፣ የካቢኔ ቃለ ጉባኤ የያዙ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ጠይቀው ይጻፉ። ያኔ የአንዱም ፕሬዚዳንት ሕይወት ከፓርቲው ታሪክ ጋር ልክ ለልክ እንደማይገጥም ራሳቸው ያዩታል።