ከጣሪያው ዶፍ፣ ከቧንቧው ፉጨት

ባለፈው ነሐሴ አዲስ አበባ እናቴ ቤት ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ነበር። አንድ ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንቅልፍ አጥቼ ተጋድሜያለሁ። ስምንት ሰዓት ገደማ እማዬ ስትነሳ ሰማኋት። ነጠላዋን ተከናንባ፣ የእጅ ባትሪ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልኳት። ለካ ከምሽት ጀምራ ቧንቧውን ከፍታ፣ ከሥሩ የብረት ሳሕን ደፍታ ነው የተኛችው። ውኃ ስትመጣ ሳሕኑ ላይ ስትንጣጣ እንድትቀሰቅሳት ነው። የዚያን ሌሊት ግን ሳሕኑን ያስጮኸው ነፋስ የገፋው ዝናብ ነበር። ከቧንቧው የሚወጣው ፉጨት ብቻ ነው።

«ተራችን ማክሰኞ ነበር፣ ቀረች» አለችኝ። «ምናልባት ዛሬ ትመጣለች ብዬ ነው። አንተ ግባ ልጄ፣ ብርድ ይመታሃል።»

73 ዓመቷ ነው። በረንዳው ላይ ቆማለች። ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ውኃ ከፊቷ እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ መንገዱ ቦይ ይነጉዳል። እሷ ደግሞ ከኋላዋ አራት ባዶ ጀሪካን ደርድራ ውኃ ትጠብቃለች። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ያን ሌሊት ግን በዓይኔ አየሁት። እስከ ዛሬም ከፊቴ አልጠፋም።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ላስ ቬጋስ ነው፣ ታክሲ እነዳለሁ። በረሃ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ተጠራቅሞ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲያውም 240 ቀን ሙሉ ልብ ያለው ጠብታ ሳይወርድ አልፏል። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ በዚህ በረሃ ቧንቧ ከፍቼ ውኃ ያጣሁበት አንድም ቀን አላስታውስም። ዝናብ በሚወርድባት ከተማ እናቴ በፈረቃ ትጠጣለች፣ ያውም ፈረቃው ሲከበር።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ናቸው፣ አልክድም። ነገር ግን በብር የማይገዛ ነገርም አይቼባቸዋለሁ፤ ውኃ እንደሚያልቅ ያውቃሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ የሁቨር ግድብ ያቆመው የሜድ ሐይቅ አለ። የላስ ቬጋስ ውኃ 90 በመቶው የሚመጣው ከዚያ ነው። ሐይቁን ከብበው የቆሙት ድንጋዮች ላይ ነጭ ቀበቶ የመሰለ መስመር ይታያል፤ ውኃው ድሮ የነበረበት ከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2022 ውኃው ከ50 ሜትር በላይ ወርዷል። ልጆቼን ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ፣ አንገታቸውን አቅንተው እስኪደክማቸው ያዩታል። ያ ነጭ መስመር ስብሰባ ተቀምጦ የሚነገር ነገር አይደለም፣ ማንም በዓይኑ የሚያየው ነው። ሐይቁን የሚሞላውን የኮሎራዶን ወንዝ ሰባት የአሜሪካ ግዛቶችና ሜክሲኮ ይካፈሉታል፣ ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት ድርሻ ደግሞ ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም።

ታዲያ እንዴት ይኖራሉ? ቤት ውስጥ የተጠቀምኩበት ውኃ፣ የገላውም የዕቃ ማጠቢያውም የሽንት ቤቱም፣ በፍሳሽ መስመር ሄዶ ይጣራና ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ወደ ሐይቁ የመለሱትን ያህል እንደገና መቅዳት ይፈቀድላቸዋል። ስለዚህ የሚፈሩት ከቤት ውስጥ ይልቅ ውጭ አትክልት ላይ ፈስሶ በፀሐይ የሚተነውን ውኃ ነው። ማንም የማይረግጠውን፣ ለዓይን ብቻ የተተከለ ሣር በወንዙ ውኃ ማጠጣት የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2021 አውጥተዋል። ሣሩን ለሚነቅል ሰው ገንዘብ ይሰጣሉ። እሑድ አትክልት ማጠጣት ዓመቱን ሙሉ ክልክል ነው። በዚህ ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ የአንድ ሰው የውኃ ፍጆታ ከግማሽ በላይ ቀንሷል፣ ሕዝቡ ግን በብዙ መቶ ሺህ ጨምሯል።

አንድ ቀን ልጄ በኳስ የውኃ መርጫውን ጫፍ አጣምሞት ውኃው ወደ መንገዱ ይፈስ ጀመር። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አላወቅኩም። ስመለስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ውኃው የፈሰሰበት ቦታ ተጽፎበታል፤ ካልተስተካከለ ቅጣት አለ። ጃኬቴን ሳላወልቅ ቁልፍ ፈልጌ አጠበቅኩት።

ይህን ያነሳሁት ለሌላ ነገር ነው። እማዬ ቤት ጥግ ላይ፣ ኮብልስቶኑ ለሌላ ሥራ ተቆፍሮ በተመለሰበት ቦታ፣ ቧንቧ ተሰብሯል። የሠፈሩ ተራ በደረሰ ቀን፣ ያ ስንት ሌሊት የተጠበቀው ንጹሕ ውኃ ከድንጋዩ መሐል እየፈላ ይወጣና ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። አንዲት እናት ቁጢጥ ብላ በጣሳ ከጉድጓዱ እየጠለቀች ባልዲዋን ስትሞላ አየሁ። ጎረቤቶቻችን ደጋግመው ደውለዋል፣ እኔም ሄጄ አመልክቻለሁ። «ተመዝግቧል» ተባልኩ። ሦስት ሳምንቴን ጨርሼ ስሄድ እየፈሰሰ ነበር። ሻንጣዬን የጫነው መኪና ጎማ ውኃውን እየረጨ አለፈ።

እውነት ነው፣ ከተማው ከግድቦቹ በላይ አድጓል። ገፈርሳ፣ ለገዳዲ፣ ድሬ፣ የአቃቂ ጉድጓዶች፣ ሁሉም ይህን ሁሉ ሕዝብ ይችላሉ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። አዲስ ግድብና ጉድጓድ ያስፈልጋል፣ ይሠራ። ነገር ግን የሚያፈስ ቧንቧ ላይ አዲስ ውኃ መጨመር ምን ይሉታል? ጉድጓዱንም ቢሆን ማለቂያ የሌለው አድርጎ ማየት አይገባም። ላስ ቬጋስ ማለት በስፓኒሽ «መስኮቹ» ማለት ነው፤ ምንጭ የሚያጠጣቸው ለምለም መስኮች ስለነበሩ። ከምድር ውስጥ ያለ ልክ ሲቀዳ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1962 ምንጩ ደረቀ። ስሙ ቀረ። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ፍልውኃ አጠገብ የተቆረቆረች የምንጭ ልጅ ናት።

ወንዞቻችንንም አስቡ። እዚህ ላስ ቬጋስ ፍሳሻቸውን አጣርተው መልሰው ይጠጡታል፤ እኛ ንጹሑን ከተራራ የሚወርድ ወንዝ አበላሽተን ወደ አቃቂና አባ ሳሙኤል እንልካለን፣ በዚያው ውኃ የለማ ጎመንም ተመልሶ ገበታችን ላይ ይቀርባል።

ወደ እማዬ ቆርቆሮ ልመለስ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። የእማዬ ጣሪያ 80 ካሬ ይሆናል። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ብንል 80,000 ሊትር። የሚፈናጠረውንና የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውኃ ቀንሰን 60,000 እንኳ ቢቀር፣ በቀን 160 ሊትር ይደርሳል፣ ስምንት ጀሪካን። አብዛኛው በክረምት ስለሚወርድ ሁሉን ማጠራቀም አይቻልም፣ ማጠራቀሚያ ይጠይቃል። ለመጠጥም መፍላት ወይም ውኃ አጋር ይፈልጋል። ለልብስ፣ ለወለል፣ ለሽንት ቤት ግን እንዳለ ይሆናል፤ የቧንቧዋ ለመጠጥና ለወጥ ይተርፋል። በየሠፈሩ ፎቅ ሲሠራ ምነው አሸንዳው ወደ መንገድ ከሚደፋው ወደ ታንከር ቢወርድ? የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ይህን መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል?

ከመመለሴ በፊት ባለሙያ ጠርቼ አሸንዳ አስገጠምኩ፤ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶም በብሎኬት ላይ አስቀመጥን። እማዬ መጀመሪያ አልወደደችውም፣ «የጣሪያ ውኃ ምን ይሠራልኛል» ብላ ነበር። በሳምንቱ ደወለች። እኔ የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ መኪና ውስጥ ነኝ፣ ውጭው ገና ሳይነጋ ያቃጥላል።

«እናንተ ጋ ዘነበ?» አለችኝ።

«አልዘነበም እማዬ።»

«እኛ ጋ በሁለት ሌሊት ሞልቶ ፈሰሰ» አለች። «የሚፈሰው ሲታይ ያሳዝናል። ሌላ ሮቶ ስንት ነው አሁን?»