ባትሪ ብቻ ነው ቀይርልኝ ያልኩት!

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ይሄን ሳልጽፍ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ታገሱኝ።

ስልኬን ታውቁታላችሁ፣ ጀርባው ያበጠው። እናንተው ናችሁ «ይፈነዳብሻል፣ ባትሪውን አስቀይሪ» እያላችሁ ስትጨቀጭቁኝ የከረማችሁት። እሺ ብዬ ሄድኩ። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ፣ ከዚያ ሁሉ ሞባይል ቤት አንዱ ጋ ገባሁ። ስሙን አልጠራም።

ልጁ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ስልኬን ተቀበለኝ፣ አገላበጠው፣ ከዚያ ሳቀ። ፈገግ አይደለም ያለው፣ ሳቀ!

«እናት፣ ይሄ እስካሁን ይሠራል?»

«ይሠራል። ባትሪው ነው ያበጠው። ቀይርልኝ።»

«የዚህ ባትሪ የለም።»

«የት ይገኛል?»

«የትም። ሞዴሉ ቀርቷል። አዲስ ግዢ።»

«አዲስ ስልክ አልፈለግኩም። ባትሪ ነው የፈለግኩት።»

ይሄኔ ስልኬን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ለጓደኛው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ና እያት ይቺን! ጂረን ወስደን ከአባ ጅፋር ዕቃዎች ጋር እናስቀምጣት?» ቤቱ ሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ግላስ ልታስለጥፍ የመጣችው ልጅ ሳቀች። ቻርጀር የሚመርጠው ሰውዬ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆነው፣ እሱም ሳቀ። የሱ ሳቅ ነው በጣም ያንገበገበኝ። በኪሱ የያዘው ስልክ ከኔ እንደማይሻል እምላለሁ።

መልሱ የመጣልኝ ባጃጅ ውስጥ ነው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ አይደል። ጂረን ያለው የንጉሥ አባ ጅፋር ቤት እኮ የእንጨት ቤት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። የናንተ ስልክ ሁለት ክረምት አይሻገርም! ይሄን እዚያው ብለው ኖሮ ያ ሳቅ ጉሮሮው ላይ ይቀር ነበር።

ገና አልጨረስኩም። «እሺ ልክፈተውና ልየው» አለ። ደስ አለኝ። ማሞቂያውን ጀርባው ላይ ለቀቀበት፣ ቀጭን ፕላስቲክ በጎኑ አስገባ፣ ቀጭ አለ። የጀርባው መስታወት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ።

«ምን አደረግከው?»

«ሲከፈት ይሰበራል፣ እናት። በሙጫ እኮ ነው የታሸገው።»

«ታዲያ ከመክፈትህ በፊት አትነግረኝም?»

«ሁሉም ሰው ያውቃል።»

ከዚያ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «የማስከፈቻ 200 ብር» አለ። ሰብሮት! ከፈልኩ። ስልኬ እሱ እጅ ላይ ነው፣ ምን ላድርግ?

እናንተ፣ ስልክ በሙጫ መታሸግ አለበት ብሎ የወሰነው ማነው? ማን ጠየቀን?

ኖኪያ 1100 ትዝ ይላችኋል? የመጀመሪያዬ እሱ ነው። ወንድሜ ከአዲስ አበባ አመጣልኝ። ያኔ ሲም ካርድ እንደ አሁኑ በየመንገዱ ጃንጥላ ስር አይሸጥም፤ የ0917 ሲም ያወጣ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። ቁጥሬ እስከ ዛሬ ያው ነው። ስልኩ ነው የተለዋወጠው።

ያ ስልክ ጀርባው በአውራ ጣት ተጫን ሲደረግ ይከፈታል። ባትሪው በጥፍር ብድግ ይላል። ቢኤል-5ሲ! ቁጥሩን ያልሸመደደ ሰው አለ? ሲደክም ሱቅ ወርደሽ ሌላ ገዝተሽ ራስሽ ትገጥሚያለሽ። ማንም አይስቅብሽም። ማንም የማስከፈቻ አይልሽም። አቅሙ 850 ሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ 5000 ተብሎ ይጻፍባቸዋል፣ ማታ ሳይሆን ግን ይዘጋሉ። አውቃለሁ፣ ስክሪኑ ነው፣ ኢንተርኔቱ ነው የሚበላው፣ ልጄ አስረድታኛለች። ቢሆንም ያናድዳል።

ደግሞ ያ ስልክ ለኛ ዓይነት ሰው ታስቦ የተሠራ ነበር። በፈረንጆቹ 2003 ሲወጣ ለታዳጊ አገር ብለው ነው የሠሩት። አቧራ የማያስገባ ቁልፍ አለው፣ ጎኑ ከእጅ አያንሸራትትም፣ አናቱ ላይ እንደ እጅ ባትሪ የሚበራ መብራት አለው። ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ያ ሁሉ ሰው አልተሳሳተም! መብራት በጠፋ ቁጥር በሱ ብርሃን ስንት የተማሪ ፈተና አርሜአለሁ። የቆጪ ሰፈር ጭቃ ውስጥ ወድቆ፣ ባትሪውን አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ ምድጃ ዳር አድርቄ መልሼ ገጥሜዋለሁ። ሠራ!

ከ1997 ምርጫ በኋላ ሚሴጅ ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ ድረስ ስንኖር በምን ነበር የምንግባባው? በሚስኮል። አንድ ጊዜ ከጠራ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ከጠራ «ደውልልኝ»። ካርድ የሌለው ሰው ሁሉ በሚስኮል ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። አሁን ቴሌግራም አለ፣ ዋትሳፕ አለ፣ ኢሞ አለ፣ ባትሪ ግን የለም።

ሁለተኛዋን ካሜራ ያላትን መናኸሪያ ተሰረቅኩ። እሷን ተዉአት፣ ካነሳኋት አላበቃም።

ሦስተኛው ያ የቻይናው ነው፣ ሁለት ሲም የሚይዘው፣ አንቴናው የሚመዘዘው፣ ቴሌቪዥን ያሳያል የተባለው። እህቴ ሠርግ ላይ እሱን ይዤ ቀርቤ ነበር። ሲጠራ ከቆጪ እስከ አጂፕ ይሰማል! ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ያ ስልክ ከሞተ ወዲህ ሰፈሩ ጭር አለ» ይላል። ዓመት ሳይሞላው ሞተ፣ ግን እሱ እንኳን ባትሪው ይወጣ ነበር። ያ ዓመት ያልሞላው ስልክ እንኳን ጀርባው ይከፈት ነበር!

አራተኛውን፣ ባለ ታች ስክሪኑን ስልክ፣ ከዚህ በፊት እዚህ ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ያ ልጅ «ሁሉም ሰው ያውቃል» ባይለኝ ኖሮ አሁንም አልጽፈውም ነበር።

እማዬ የሞተች ዓመት ነው። ሃንግ ማድረግ ጀመረ፣ ፈረንጅ አራዳ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። «ከሰዓት ነይ» አለኝ፣ ሄድኩ። «ፍላሽ አድርጌልሻለሁ፣ አሁን አዲስ ሆኗል» አለኝ ኮራ ብሎ። ከፈትኩት። ባዶ ነው። እማዬ በር ላይ ተቀምጣ ቡና ስትለቅም ያነሳኋት ፎቶ ውስጡ ነበር። ድምጿም ነበር፣ ለልጄ ተረት ስትነግራት፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ፣ መሀል ላይ ራሷ ስትስቅ። «ፎቶዎቼስ?» አልኩት። «ፍላሽ ሲደረግ ይጠፋል።» «ለምን ሳትጠይቀኝ?» «ሁሉም ሰው ያውቃል እኮ።»

ቃል በቃል! ያው ቃል ነው! ትምህርት ቤት አላቸው እንዴ ይሄን የሚማሩበት?

«ሜሞሪ ላይ አትገለብጪም ነበር?» የምትሉኝ ካላችሁ አትጻፉልኝ። ለጥገና ዕቃ የሚቀበል ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ «የምትፈልጊው ነገር አለው?» ብሎ። በቃ። ልብስ ሰፊ እንኳን ጨርቅሽን ከመቁረጡ በፊት ይጠይቅሻል።

እሺ፣ አዲስ ግዢ ተባልኩ። በምን? ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከመቶ አለፈ። የስልክ ዋጋም አብሮ ወጣ። ዛሬ እዚያው ቤት መደርደሪያው ላይ ያለውን ደህና የሚባለውን ጠየቅኩት፤ የመምህር ደመወዝ ስንት ወር እንደሚፈልግ እያሰላሁ ነው የወጣሁት። የኔ ስልክ እኮ ስክሪኑ ደህና ነው፣ ካሜራው ደህና ነው፣ ድምፁ ደህና ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል፣ ጋዙ መውጫ ስለሌለው ያብጣል። ይኸው ነው በሽታው። ለአንዲት ቁራጭ ባትሪ ብዬ ሙሉ ስልክ ልጣል?

ልጄ ደግሞ ንዴቴን አይታ ቤንዚን ጨመረችበት። አውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2023 ሕግ አውጥቷል አለችኝ፤ በነሱ አቆጣጠር ከየካቲት 2027 ጀምሮ ባለቤቱ ራሱ ባትሪውን በቀላሉ አውጥቶ እንዲቀይር። ለአንዳንድ ስልክ መውጫ ቀዳዳ ቢተዉለትም ሕግ ነው። አይፎን የሚሠራው አፕል እንኳን በፈረንጆቹ 2017 ባትሪያቸው የደከሙ አይፎኖችን ፍጥነት ይቀንስ እንደነበር ሲያምን፣ የባትሪ መቀየሪያውን ከ79 ዶላር ወደ 29 አወረደ። ፈረንሳይ ደግሞ ለሰዉ በወጉ አልነገርክም ብላ በፈረንጆቹ 2020፣ 25 ሚሊዮን ዩሮ አስከፈለችው። አያችሁ? እነሱ አገር «ሁሉም ሰው ያውቃል» አይሠራም! ለኛ ማን ይጮህልናል? እኛ አገር መብራት በሚጠፋበት፣ በክረምት ስልክ በፌስታል ጠቅልለን በምንሄድበት ከተማ፣ ትርፍ ባትሪ በቦርሳ መያዝ ከማንም በላይ የሚያስፈልገን እኛ ነን።

ባለቤቴ «ተዪው፣ ደምሽ ከፍ ይላል» እያለ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ተውኩትም። ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ምን ይደረግ፣ ሁሉም እንደዚህ ሆኗል፣ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ሲበላሽ «አዲስ ግዢ» ነው፣ ከማን ጋር እጣላለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ የተሰነጠቀው መስታወት ጣቴን ቆረጠኝ። እንደገና ተነሳብኝ።

እና ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ። ባትሪውን ይተወው። ሳይነግረኝ ለሰበረው መስታወት ይከፍለኛል፣ 200 ብሬንም ይመልሳል። ሰው ፊት እንደሳቀብኝ ሰው ፊት ነው የሚከፍለኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነኝ። ከናንተ ማን አብሮኝ ይሄዳል? ደግሞ ጅማ ውስጥ ሳይስቅ፣ ሳይሰብር፣ ከመንካቱ በፊት የሚጠይቅ ጠጋኝ የምታውቁ ካላችሁ ሰፈሩን ጻፉልኝ፣ ቦሳ ቂጦም ይሁን የትም እሄዳለሁ።